ሙቀቱን የቆለፍንበት ሣጥን

ለዕቃ ልብስ ማልበስ የምንወድ ሰዎች ነን። አትካዱ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ደርቧል፤ ፍሪጁ አናቱ ላይ ጥልፍ ጣል ተደርጎለታል፤ ሪሞቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው፤ ላስቲኩ ደብዝዞ ሦስቱን ከስምንቱ መለየት እስኪያቅት ድረስ ማንም አያወልቅለትም። የሶፋውን ፕላስቲክ ሳያነሣ ሶፋው ያረጀበት ሰው በመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ ብል፣ እኔም ከሚያወጡት አንዱ ነኝ። ይህን ልማድ በየመሸታውና በየሻይ ቤቱ ስተች ኖሬ፣ የገዛ ባለቤቴ ለሬዲዮናችን ቀሚስ ስትሰፋለት ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰላም ይበልጣል።

ልብሱስ ቀላል ነው። ጉዱ የሚመጣው ዕቃው ደጅ የሚያድር ሲሆን ነው። ያኔ ልብስ አይበቃውም፤ ቁልፍ ይፈልጋል። በኛ በመቀሌ፣ ያ ክፉ ጊዜ ካለፈ ወዲህ፣ ከግድግዳ ውጭ የሚታይ ነገር ሁሉ ታስሯል። የውሃ ቆጣሪው በብረት ታጥሯል፤ የውሃ ሮቶው በሰንሰለት ተጠፍሯል፤ የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል እንኳ የሽቦ ቆብ አጥልቋል። በሰው አልፈርድም፤ ብዙ የተወሰደበት ሰው የቀረውን ቢያስር ምን ይገርማል? የምነግራችሁ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ታሪኩ የአንድ አየር ማቀዝቀዣና የአንዲት ፋርማሲስት ነው፤ እንዲሁም የአማቴ የአቦይ ተክላይ ነው።

"መቀሌ ላይ ደግሞ አየር ማቀዝቀዣ ምን ይሠራል?" እንደምትሉ አውቃለሁ። በተለይ ሑመራና ሰመራ ያላችሁ ሳትስቁብኝ አትቀሩም። እውነታችሁን ነው፤ እኛ በግንቦት እንኳ ፀሐይ ዘወር ስትል ጃኬት እንደርባለን። መድኃኒት ግን እንደኛ ጥላ ፈልጎ ከግንብ ሥር አይቀመጥም። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ በሰጠ ክፍል ካጎራችሁት፣ ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ይላል፤ ካርቶኖቹ ላይ ደግሞ "ከሃያ አምስት ዲግሪ በታች ይቀመጥ" ተብሎ ተጽፏል። ክፍሉ የሚገኘው ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር። መድኃኒት ቤቱ የባለቤቴ ታናሽ እህት የለተብርሃን ነው።

ለተብርሃንን ላስተዋውቃችሁ። ፋርማሲስት ናት። የቀድሞ መድኃኒት ቤቷ በዚያ ክፉ ጊዜ ከነመደርደሪያው ባዶ ሲቀር አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም፤ ነጭ ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ ሰቀለችው። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ እያወረደች መልሳ ታጥበውና ትተኩሰው ነበር። ለተብርሃን ባሕሪዋ "እሺ" ነው። ቁጣን በእሺ፣ ምክርን በእሺ፣ የአባቷን ትእዛዝ በእሺ ታሳልፋለች። አዲሱን መድኃኒት ቤት የከፈተች ዕለት ግን መስኮቱን ራሷ ወልውላ፣ መደርደሪያውን ራሷ ደርድራ፣ ከኋላ ቆሜ ሳያት ትከሻዋ ቀና ብሎ ነበር። ደስ አለኝ። የእህት ያህል ነው የምወዳት።

እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ። ሠላሳ ዓመት መቀሌ ላይ ፊዚክስ አስተምሬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፊዚክስ ማስተማሬን ያነሣሁት ልኮራበት አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ላፍርበት ነው።

አየር ማቀዝቀዣው ስፕሊት የሚሉት ዓይነት፣ ሁለት አካል ያለው ነው። አንዱ እንደ ነጭ ረጅም ሣጥን ክፍሉ ውስጥ ይሰቀላል፤ ሌላው ማራገቢያ ያለው ግዙፉ ደጅ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው የመዳብ ቱቦ ይዘረጋል። ይኸው "ደጅ ይቀመጣል" የሚለው ቃል አቦይ ተክላይ ጆሮ ገባ።

አቦይ ተክላይ አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አሰብ ድረስ ወርደው የወጡ፣ ጎማ ሲቀይሩ እንኳ ክሪኩን በእግራቸው ረግጠው የሚጠብቁ። "የልጄ ማሽን ሜዳ ላይ አያድርም!" አሉና የሰፈሩን በያጅ ጠሩት። በሦስተኛው ቀን ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ በጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ፣ ወገብ የሚደርስ የላሜራ ሣጥን ተገትሮ አገኘን። አራት ጎኑ ድፍን፣ ጣሪያው ድፍን፣ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። በአንድ ጎኑ ጣት የምታስገባ ሦስት ቀዳዳ አለችው።

"ይተንፍስ ብዬ ነው" አሉ፣ ቀዳዳዎቹን እያሳዩን።

ጎረቤት እየመጣ አደነቀ። እኔም አደነቅሁ። "እጅዎ ይባረክ፣ አቦይ" ብያለሁ። ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰውዬ!

ማሽኑ ተከፈተ። ሩብ ሰዓት ያህል ደስ የሚል ቀዝቃዛ አየር ሰጠን። ከዚያ አየሩ ለብ አለ። ከዚያ የውጪው ሞተር አጓርቶ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ይነሣል፤ መልሶ ያጓራል፤ መልሶ ዝም። ቴርሞሜትሩም ሠላሳ ላይ እንደተቀመጠ የመድኃኒት ቤቶች ተቆጣጣሪዋ መጣች።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት፤ አትቆጣም፤ አትስቅም። ቴርሞሜትሩን አየች፣ ካርቶኑን አየች፣ ለተብርሃንን አየች። የፊት ለፊቱን መዝጊያ በወረቀት አሸገችው። "ዐሥር ቀን አለሽ። ያኔ ስመጣ ክፍሉ ከሃያ አምስት በታች ካልሆነ መድኃኒቱ ተጭኖ ይሄዳል፣ ፈቃድሽም ይሰረዛል። በጓሮ በር እየገባሽ ማስተካከል ትችያለሽ፤ መሸጥ ግን የለም" አለቻት።

"እሺ" አለች ለተብርሃን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው ብነግራችሁ ታዝኑልናላችሁ። መጀመሪያ ሪሞቱን ዐሥራ ስድስት ላይ አደረግነው። ለምን? ዝቅ ሲል የሚበረታ ስለመሰለን። አይበረታም። ዐሥራ ስድስት ማለት "እዚያ እስክትደርስ አትቁም" ማለት እንጂ "ፍጠን" ማለት አይደለም። ይህን አውቃለሁ፤ እያወቅሁም ሪሞቱን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ሐጎስ የሚባል የፍሪጅ ጠጋኝ መጣ። ሐጎስ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን እንደ ሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ የበሽታ ስም የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፦ "ጋዝ ጨርሷል።" የሣጥኑን አንድ ቁልፍ አቦይ ተክላይ፣ ሌላውን ቁልፍ አቦይ ተክላይ ከፈቱለት፤ ጋዝ ሞላ፤ ሣጥኑ ተከፍቶ እያለ ማሽኑን ሞከረው፤ ሠራ! አጨበጨብን። ሐጎስ ሄደ፤ አቦይ ሁለቱን ጓጉንቸር ቀረቀሩ፤ ማሽኑ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ዝም አለ። እዚህ ላይ አንዳችን እንኳ ቆም ብለን "በሩ ሲከፈት ሠራ፣ ሲዘጋ እምቢ አለ" ብንል ኖሮ ይህ ወግ እዚሁ ያልቅ ነበር። አላልንም። ሐጎስ ደግሞ መጥቶ ደግሞ ሞላ።

እኔ ከተሰቀለው ነጭ ሣጥን ሥር ወንበር አስጠግቼ ሦስት ቀን አንጋጠጥኩ። ቅዝቃዜው የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ሕመሙም እዚያ ነው ብዬ ነዋ! ማጣሪያውን አጠብኩ፤ የነፋስ መውጫ ከንፈሩን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አደረግሁ፤ ጣሪያውን በካርቶን አለበስኩ። ለተብርሃን ጠዋትና ከሰዓት ቴርሞሜትሩን እያነበበች ቅጹ ላይ ትጽፋለች፦ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ። በሰባተኛው ቀን ብዕሯን አስቀምጣ "መምህር፣ መድኃኒቱን ሳይመጡ ራሴ በካርቶን ላሰናዳላቸው እንዴ?" አለችኝ። ተነሥቼ ማጣሪያውን እንደገና አጠብኩ።

በስምንተኛው ቀን ማሽኑን ተስፋ ቆርጠን አጥፍተነው ስንቀመጥ የጓሮው በር ተንኳኳ። ዘይነባ ናት። ዘይነባ የወሎ ሰው፣ የሐይቅ ልጅ፤ ከኛ ጀርባ ባለችው መተላለፊያ ጫፍ ላይ ፓስቲ እየጠበሰች ለቀን ሠራተኛው ትሸጣለች። ለኔ ያገር ልጅ ናት፤ እንደ ታላቅ ወንድም ነው የምታከብረኝ። ዛሬ ግን ሊጥ የነካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

"ጋሼ፣ ወላሂ መቀየሜ አይደለም። ግን ይሄን ማሽናችሁን ምን አደረጋችሁት? ዛሬ ምነው ጸጥ አለ?"

"አንቺ ደግሞ ማሽኑን ለምን ፈለግሽው?" አልኳት።

"ሊጤን ነዋ ኩፍ የሚያደርግልኝ! ድሮ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምጠብቀው። ያ ሣጥን ከቆመ ወዲህ ባልዲዬን አናቱ ላይ ሳስቀምጠው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። አላህ ይስጣችሁ እያልኩ ነበር። ዛሬ ግን ይኸው፣ ሊጡ ድፍት እንዳለ ቀረ።"

ብድግ አልኩና ማሽኑን አስነሥቼ ወደ መተላለፊያዋ ወጣሁ፤ ዘይነባና ለተብርሃን ተከተሉኝ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። እጄን ሣጥኑ አናት ላይ ጣል አደረግሁ።

"እፍፍ!" ብዬ መዳፌን ብብቴ ውስጥ ወሸቅሁ። ተቃጥዬ እንዲያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

እስቲ ላስረዳችሁ፤ ተማሪዎቼም ናፍቀውኛል። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት በአልኮል የራሰ ጥጥ ሲያሹላችሁ ቦታው ቀዝቀዝ አይላችሁም? አልኮሉ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም። ሲተን የሰውነታችሁን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ውስጥ የተሰቀለው ነጭ ሣጥንም ሥራው ይኸው ነው፤ በመዳብ ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ እዚያ ይተንና የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል። ጋዝ ሆኖ ወደ ደጅ ይወጣል። ደጅ ያለው ሞተር ይጨምቀዋል፤ የብስክሌት ጎማ ስትነፉ የመንፊያው ጫፍ እንደሚግለው፣ ሲጨመቅ ይግላል። ከውጪው አየር በላይ ስለጋለ ሙቀቱን ለነፋሱ አራግፎ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ በቱቦው ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ግፊቱ ሲላላለት ይቀዘቅዛል፤ ተመልሶ ይገባል። በቃ። ጋዙ ሲመላለስ የሚኖር ነው፤ ቱቦው ካልተቀደደ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ሐጎስ ይቅር ይበለኝ። ይህ ማሽን ቅዝቃዜ አይሠራም። ሥራው ሸክም ነው፤ ሙቀትን ከውስጥ ተሸክሞ ደጅ ያራግፋል። እኛ ደግሞ የሚያራግፍበትን ቦታ በላሜራ ገርግደን፣ በሁለት ጓጉንቸር ቆልፈን፣ ሸክሙን እንደተሸከመ መልሰን እናስገባው ነበር። የለተብርሃን መድኃኒት ቤት ሙቀት ስምንት ቀን ሙሉ በዘይነባ ሊጥ ውስጥ ነበር።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቦይ ተክላይ። ሣጥናቸው መቀደድ አለበት።

ጠመኔ ይዤ ሄድኩ። በአረንጓዴው ላሜራ ላይ ቱቦውን፣ ሞተሩን፣ ቀስቶቹን ሁሉ ሳልኩላቸው። የሕይወቴ ምርጥ ትምህርት ነበር። አቦይ ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "ሥዕልህ ያምራል፣ መምህር። ግን እኔ ይሄን የሠራሁት ለሌባ ነው እንጂ ለሙቀት አይደለም" አሉኝ።

"አቦይ፣ ነገ ካልተስተካከለ እኮ መድኃኒቱ ሊወሰድ ነው" አልኩ።

"ሣጥኑ ከተቀደደስ ማሽኑ ይወሰዳል። ሁለቱም መወሰድ ነው።"

ለተብርሃን መሬት መሬት ታያለች። በዚህ መካከል ሞተሩ ውስጥ ሆኖ ማጓራት ጀመረ። አቦይ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ። የሹፌር ጆሮ ጡረታ አይወጣም። ቀረብ ብለው መዳፋቸውን ላሜራው ላይ አሳረፉ፤ እኔ ለቅጽበት ያልቻልኩትን እሳቸው በዚያ በሻከረ እጃቸው ይዘውት ቆሙ።

"ዋይ! ይሄ ሞተር ፈልቷል" አሉ። "ማራገቢያው ምን ላይ ነው የሚነፋው?"

"በቱቦዎችና በቀጫጭን ክንፎች ላይ" አልኩ።

"ማራገቢያ... ቱቦ... ክንፍ..." ዞረው አፈጠጡብኝ። "መምህር! ይሄ እኮ ራዲያተር ነው!"

"ነው እንግዲህ" አልኩ።

"ታዲያ ከመጀመሪያው ራዲያተር ነው አትለኝም ነበር? እኔ ተክላይ የግራካሕሱን ዳገት ስወጣ የራዲያተሬን ፊት በብረት ዘግቼ አውቃለሁ? እብድ አደረግኸኝ እንዴ?" ብለው በዱላቸው ሣጥኑን ኳ አደረጉት። "ማነህ! በያጁን ጥራልኝ!"

ሠላሳ ዓመት አስተምሬ የሁለት ደቂቃ ራዲያተር በለጠኝ። ግድ የለም፤ በደስታ ተሸነፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት በያጁ አራቱንም ጎን ገሽልጦ ጣለው። በቦታው አውራ ጣት የሚያክል ፌሮ እንደ መስኮት ብረት ተደረደረ፤ ሌባ አያስገባም፣ ነፋስ ግን እንዳሻው። ሁለቱ ጓጉንቸሮች በቦታቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ አቦይን የሚያሳምን አልተገኘም። ማሽኑ ተነሣ። ሁላችንም ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትሩ ሥር ተኮልኩለን ቆምን፤ የምታነብልን ለተብርሃን ናት።

"ሠላሳ።" "ሃያ ስምንት።" አቦይ ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ጆሯቸውን ወደ ጓሮው ጣሉ፤ ሞተሩ አላጓራም። "ሃያ ስድስት።" ዘይነባ በዐረብኛ የሆነ ነገር ታነበንባለች። "ሃያ አምስት።" እዚህ ላይ ብዙ ቆየ፤ እግዚኦ እንዴት ቆየ! ከዚያ ለተብርሃን፣ ድምጿ ከሰላምታ በላይ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሴት፣ "ሃያ አራት!" ብላ ጮኸች። አቦይ "ግራካሕሱን ወጣናት!" ብለው ዱላቸውን ወረወሩ። ዘይነባ እልል አለች። እኔ? እኔ አለቀስኩ፤ ምን ልደብቃችሁ። ዘይነባም ባልዲዋን ሞቃቱ ነፋስ በሚወጣበት በኩል አስጠግታ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረገችበት፤ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ሁሉ ፓስቲ በነጻ አደለች።

ዐሥረኛው ቀን ደረሰ፤ ተቆጣጣሪዋ መጣች። የግድግዳውን ቴርሞሜትር አላመነችም፤ የራሷን ከቦርሳዋ አውጥታ መደርደሪያው ላይ አኖረችና፣ እሱ እስኪረጋ ወንበር ስባ ካርቶን በካርቶን፣ ቀን በቀን ታገላብጥ ጀመር። የተቀመጠችው ልክ ከነጩ ሣጥን ሥር ነው። ነፋሱ ማጅራቷ ላይ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ሲሆናት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። ቆይታ አፍንጫዋን ሸፈነች። በመጨረሻ እጆቿን እያሻሸች "በጃኺ፣ እባካችሁ ይሄን ነገር አጥፉልኝ፤ ብርድ መታኝ" አለች።

እንግዳ ናት። ባለሥልጣንም ናት። እንኳን አጥፉልኝ ብላ፣ ሳትልም እናጠፋላት ነበር። አቦይ በዐይናቸው ጠቀሱኝ፤ እኔም ሪሞቱን ላነሣ እጄን ዘረጋሁ። ከኔ እጅ በፊት የለተብርሃን መዳፍ ሪሞቱ ላይ አረፈ።

"ይቅርታ እህቴ፣ አይጠፋም" አለች። "ለኔ ቢሆን አጠፋልሽ ነበር። ግን የተከፈተው ለመድኃኒቱ ነው።"

አቦይ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ በልቤ "ከዐሥር ቀን መከራ በኋላ በአንድ እሺ እጦት ተበላን" እላለሁ። ተቆጣጣሪዋ ቴርሞሜትሯን አነሣች፤ ወረቀቷን ሰብስባ በጓሮው በር ወጣች።

ተከትለን ስንወጣ የት አገኘናት መሰላችሁ? ከፌሮው ፊት። ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ፣ የመድኃኒቱን ሙቀት እየሞቀች፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች።

"ሃያ ሦስት" አለች ቀና ሳትል። "ሰሞኑን ሦስት ቦታ አጥፉልኝ ብዬ ሦስቱም አጠፉልኝ። ሦስቱንም ጻፍኩባቸው።" ከዚያ ፈረመች። "ብርዱ ግን እውነቴን ነው" ብላ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየናት።

የፊት ለፊቱን እሽግ በገዛ እጇ ቀደደችው። መዝጊያው ወደ ላይ ሲሽከረከር በረንዳው ላይ ወሬውን ሰምተው የመጡ ሰዎች ቆመው ነበር፤ የደም ግፊት ያለባቸው አንዲት እናት፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ከውቅሮ መንገድ የመጡ ሁለት ሠራተኞች፣ ሌሎችም። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ቆይታዬ ብርዱ አግኝቶኛል፤ ሁለት ጊዜ አስነጥሼ፣ የዚህ ሁሉ ድል ባለቤት እንደመሆኔ መጠን፣ ደረቴን ነፍቼ ቀጥታ ወደ ባንኮኒው ተጠጋሁ።

"ለተይ፣ እስቲ ለጉንፋን የሚሆን አንድ ነገር..."

ለተብርሃን የእናትዮዋን ማዘዣ ተቀብላ እያነበበች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

"መምህር፣ ሰልፍ ይያዙ" አለችኝ።

"እሺ" አልኩ። ሄጄ ያዝኩ። ሰባተኛ ነበርኩ።